ምልክት የማይዝ እጀታ

«ግንቦት ስምንት ቀን ነው፤ ማክሰኞ፤ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት» አለች ኤልፍነሽ፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል እንደያዘች። ወዲያው ራሷን ተጠራጠረች። «ወይስ ረቡዕ ነበር? እማዬ፣ ያን ቀን ግቢው ውስጥ በርበሬ ተሰጥቶ አልነበር?»

«በርበሬው ሚያዝያ ላይ ነው» አሉ እናቷ ከአዲስ አበባ። «ልጄ የወጣ ዕለት ዝናብ ነበር። ካፖርቱን ትቶ ሄደ ብዬ ስቆጭ ነው የዋልኩት።»

«እኔ የማስታውሰው ፀሐይ ነው።»

«አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ ምኑን ታስታውሽዋለሽ!»

እሑድ እሑድ፣ ኤልፍነሽ ለንደን፣ አርችዌይ ካለችው ጠባብ ቤቷ ስትደውል፣ እናትና ልጅ ዞረው ዞረው እዚሁ ይደርሳሉ። ታላቅ ወንድሟ ተክለአብ በጦሩ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሽጉጥ ጠጋኝ ነበር። በዚያ በግንቦቱ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር ሰሞን አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሞተ ብሎ የመጣ የለም፤ አለ ብሎ የመጣም የለም። መርዶ ያልመጣለት ሰው ደግሞ አይለቀስም። እናቱ ጥቁር አልለበሱም፣ ድንኳን አላስጣሉም፣ ተዝካር አላወጡም። በሰው ለቅሶ ላይ ግን ከባለ ሐዘኑ በላይ ያለቅሳሉ፤ ጎረቤቱ ለማን እንደሚያለቅሱ ያውቃል፣ ዝም ይላል። ድሮ ልጄን መልስልኝ ብለው ይሳሉ ነበር። አሁን አርጅተዋል፣ ስለታቸውም አጥሯል። «ቁርጡን አሳውቆኝ ይውሰደኝ» ነው የሚሉት።

ቁርጡን የሚያውቁት ሰው ደግሞ በሥራ ቀን ሁሉ ከኤልፍነሽ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እሷ እንዲያ ብላ ታምናለች።

የሚሠሩት ዌምብሊ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ለፊልምና ለቲያትር የጦር መሣሪያና አልባሳት በሚያከራይ ድርጅት ውስጥ ነው። ሽጉጦቹ አይተኩሱም፤ አፈሙዛቸው ተደፍኗል። ግን ሲያዩአቸው እውነተኛ ስለሚመስሉ፣ ክፍሉ መስኮት የለውም። በሩም ሁለት ነው፤ አንደኛው ካልተዘጋ ሁለተኛው አይከፈትም። ከውጭ ዝናብ ይሁን ፀሐይ፣ ውስጥ ያለ ሰው የሚያውቀው የገባ ሰው ጫማ አይቶ ነው። ኤልፍነሽ የቆዳ አፎት ትሰፋለች። ፊት ለፊቷ ጋሽ ሳህሉ፣ ከክላፋም እየመጡ፣ ብረት ማሰሪያ ሞርሳቸው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ያረጁ ሽጉጦችን ሞላና ምላጭ ያስተካክላሉ።

አብረው በሠሩበት በመጀመሪያው ክረምት ነው ነገሩ የተጀመረው። ወሬ ወሬን ሲያመጣ፣ «የኔም ወንድም ሽጉጥ ጠጋኝ ነበር» አለቻቸው። ስሙን ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። የት ክፍል እንደነበረ ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሞረዱ ብረቱ ላይ ቆመ።

«ትልቅ ክፍል ነበር» አሉ። «ሰዉ ብዙ ነው።»

መሞረዱን ቀጠሉ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር የሚሞርዱት፣ ብረቱ እስኪጎደጉድ ድረስ። ጋሽ ሳህሉ ዕቃ ሲያበላሹ ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟን አላነሱም። በየጊዜው የሚጠይቋት ሌላ ነገር ነበር። «ለንደን ውስጥ ዘመድ የለሽም?» ይሏታል፣ ድንገት፣ ሻይ ሲጠጡ። «ማንም የለኝም ጋሼ» ትላለች። ሸክም የምትሆን መስሎ እንዳይታያቸው ፈጠን ብላ ነው የምትመልሰው። እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ሞርሳቸው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን አፎት ልትለካ ያነሳችው ሽጉጥ የእጀታ ልባሱ ተፈትቶ ነበር። ከሥሩ ብረቱ ላይ ሁለት ነጥብና ከበላያቸው አንድ ሰረዝ በሹል ብረት ተመቷል። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ተክለአብ ቤት ውስጥ የጠገነው ዕቃ ሁሉ፣ የእናቷ ካውያ፣ ሬዲዮኑ፣ የብስክሌቷ ፔዳል ሳይቀር፣ ይህ ምልክት አለበት።

«ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?»

«ልማድ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ምልክት ነው። በጠገንኩት ሁሉ ላይ እመታዋለሁ። ብረት አይረሳም።»

ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረባት። ግን ፈራች። ክላፋም ባለው ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ጋሽ ሳህሉን «የት ጦር ነበሩ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ ዳግመኛ እዚያ አልረገጡም፤ ይህን ሰምታለች። ከጠየቀቻቸው ይሸሻሉ። ካልጠየቀቻቸው ደግሞ በዚህ መስኮት በሌለው ክፍል፣ እሷ አፎቷን፣ እሳቸው ብረታቸውን ይዘው፣ ተፋጠው ይኖራሉ። አንዳንዴም ከዚህ የከፋ ይታያታል፦ እሳቸው የጠገኑት ሽጉጥ በማን እጅ ገብቶ ምን እንዳደረገ። ያን ሐሳብ በመርፌዋ ወጋ ወጋ አድርጋ ቆዳው ውስጥ ትቀብረዋለች።

የፕላስቲኩ ሽጉጥ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ያመጣው የክፍሉ ኃላፊ ቤንጃሚን ነው፤ ለንደን ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን ከእናቱ የለቀመ ወጣት።

«ጋሼ፣ ይህን ያዙት እስቲ። ቅርጹ ሴም ነው፣ የድሮው ሽጉጥ ራሱ። እጀታው፣ ምላጩ፣ የኋላው የሞላ ቤት ፕላስቲክ ነው። በጣም ላይት ነው!»

ጋሽ ሳህሉ በመዳፋቸው መዘኑት። «ይሄ ሽጉጥ ቁርስ አልበላም።»

«አክተሮቹ በብረቱ ኮምፕሌን እያደረጉ ነው እኮ! ክንዳችን ዛለ ይላሉ።»

«ሰው ሊገድል የወጣ ሰው ክንዱ ካልዛለ ምኑን ገደለ?»

«ጋሼ፣ ማንም እየገደለ አይደለም! ቲያትር ነው!»

«ታዲያ ተመልካቹ ይህን እንዳያውቅ አይደል የምንለፋው?»

ኤልፍነሽ ሳቀች። ሳምንት ሳይሞላ፣ ቤንጃሚን ራሱ እየሳቀ ወሬውን ይዞ መጣ። በልምምዱ ላይ ገዳዩ ተጸጽቶ ሽጉጡን መሬት ይጥላል፤ ፕላስቲኩ ነጠረ፣ ቀጭ አለ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። «ገዳዩ ማንኪያ ጣለ በላ!» አሉ ጋሽ ሳህሉ። ከዚያ እጀታው ውስጥ እርሳስ ከተው አከበዱት፣ ድምፁንም አወፈሩት። ፕላስቲኩንም አልካዱትም፤ «ብረት በብርድ አጥንቴ ድረስ ይገባል፣ ይሄ እንኳ እጅ አያሳምምም» ብለዋል።

ችግሩ ሌላ ነበር። ፕላስቲክ ሲሰበር አይጠገንም፤ ይጣላል፣ ሌላ ይገጠማል። ለዚያ ደግሞ ጠጋኝ አያስፈልግም።

የመጀመሪያውን አክብደው የጨረሱ ዕለት፣ ልባሱን ገልብጠው ሹል ብረታቸውን አነሱ። ኤልፍነሽ መስፋቷን አቆመች። ሁለቱን ነጥቦች ቀስ አድርገው መቱ። ሰረዙን ሲመቱ እጀታው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሁለት ቦታ የሆነውን ፕላስቲክ በሁለት እጃቸው ይዘው ስንጥቁን መልሰው ገጠሙት። ዓይናቸው ሞልቶ ነበር።

«ጋሽ ሳህሉ...» አለች ከመቀመጫዋ እየተነሳች። «ያ ምልክት የማን...»

በሩ ጮኸ፤ ቤንጃሚን ገባ። «ኖ ዎሪስ ጋሼ! ትርፍ ፓርት አለን፣ ሙሉ ካርቶን!»

በማግስቱ ጋሽ ሳህሉ ሥራ እንደሚለቁ ተናገሩ። ሊድስ ያለችው ልጃቸው ኪዲ ጠቅልላ ልትወስዳቸው ነበር።

የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ኤልፍነሽ ጠዋት ባቡር ላይ ጥያቄዋን ደጋግማ አጥንታዋለች፦ ወንድሜ ሞቷል ወይስ አለ? ከዚህ ሌላ ቃል አትጨምርም። ግን ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባበትና ሲወጣበት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ እሷ የብረቱን ሽጉጦች ከቁም ሣጥኑ እያወጣች በቦታቸው ፕላስቲኮቹን ትደረድር ነበር። ጋሽ ሳህሉ ባርኔጣቸውን ይዘው መጡ።

«ኤልፍነሽ፣ አንድም የምትቀርቢው ሰው የለም?» አሉ። «የማኅበር እኅት፣ የክርስትና እናት፣ ጎረቤትም ቢሆን?»

ጥያቄዋ አፏ ላይ ነበር። ግን ልማድ ቀደማት። «የለም ጋሼ። ብቻዬን ነኝ፣ ለምጄዋለሁ። ለኔ አይጨነቁ።»

አዩዋት። አንድ ነገር ለመናገር ከንፈራቸው ተላቀቀ፣ መልሶ ገጠመ። «ሰው ይኑርሽ የኔ ልጅ» አሉና ትከሻዋን ስመው ሄዱ።

እሷም አንድ ሽጉጥ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛውን ስታነሳ አባቷ የሞቱ ጊዜ ትዝ አላት። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይነጋ የመጡት ወደ እነሱ ቤት አልነበረም፤ በመጀመሪያ ወደ አክስቷ ቤት ነበር። «ማን አላት?» እያሉ፣ እናቷን የሚይዛቸው ሰው ሲሰበስቡ። መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ሲጮኽ አብሮት የሚጮኽ ዘመድ ሳይኖር፣ ማንም አፉን አይከፍትም።

ጋሽ ሳህሉ ይህን ሁሉ ዓመት የሚይዛት ሰው ይፈልጉ ነበር። እሷም ይህን ሁሉ ዓመት የለኝም እያለች አፋቸውን ትዘጋ ነበር።

«ጋሼ!»

የመጀመሪያው በር ተዘግቷል። ኤልፍነሽ ሮጣ እጀታውን ያዘች፤ ወደ ኋላዋ ዞር አለች። ቁም ሣጥኑ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ብረቶቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርረዋል። ያን ትቶ የወጣ ሰው ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም፣ ፖሊስ ይጠራበታል። ስልክ ቁጥራቸው አላት፤ መርዶ ግን በስልክ አይነገርም፣ በስልክም አይጠየቅም። ባዳ እንኳ ቢሆን፣ የሚይዘኝ ሰው አለኝ ማለት ነበረባት።

በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ጀርባቸው ይታያል። ሁለተኛው በር እስኪከፈት ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ቆመዋል። እሳቸው ወጥተው ያ በር እስኪዘጋ ደግሞ የሷው በር አይከፈትም። በመዳፏ መስታወቱን መታች። ወፍራም ነው፤ ድምፁ ወደሷው ተመለሰ። እንደገና መታች።

ሁለተኛው በር ተከፈተ። የውጭው ብርሃን መተላለፊያው ላይ ወደቀ፤ ጋሽ ሳህሉ ወጡ።