የወፎቹ ዘበኛ

ወፍ ለማየት ብዬ ከወልድያ መርሳ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ይሳቅብኝ። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽሬን አንጠልጥዬ ወፎች የሚጠበቁበትን ደን አንድ ሰዓት ሙሉ ብዞር አንዲትም ወፍ የለች። የደኑ ዘበኛ ጋሽ ሰይድ፣ "አብሽር፣ ያሉበትን አሳይሃለሁ" ብለው ከአጥሩ ውጭ ወሰዱኝና የደረሰ ማሽላ መሃል ከቆመ ማማ ላይ አወጡኝ። እውነትም ወፉ ማሽላው ላይ እንደ ደመና ሰፍሯል። መነጽሬን ላነሳ ስል ወንጭፍ አስጨበጡኝ።

"ማሽላው የኔ ነው። ዙህር ሰግጄ እስክመጣ አባርልኝ።"

"ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ የወፎቹ ዘበኛ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ እንጂ! እኔማ ብወነጭፍ ያስጠይቀኛል" አሉ፣ ከማማው እየወረዱ። "ለዚህ እኮ ነው እንግዳ ሲመጣ ደስ የሚለኝ።"