የጳጉሜን ዝናብ በአዴ ዘሃራ ደብተር

ዛሬ ጠዋት ከገበያ ፓፓያ ስገዛ ሻጯ ልጅ «የመልካ ጀብዱ ነው፤ የአያቴ የአዴ ዘሃራ ግቢ» አለችኝ። ሁለት ፍሬ አቅፌ ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ከዚራ ሰፈር ካለው ቤቴ ስደርስ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ጳጉሜን ሦስት ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ፣ አንድ የመስኖ ጥናት ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራዬ የአየር ንብረቱ ሲለወጥ የሸለቆው ውሃ ምን ያህል እንደሚቀንስና ስንት ማሳ እንደሚያጠጣ በኮምፒውተር ሞዴል ማስላት ነበር። ዝናቡን፣ ሙቀቱንና የወንዙን ፍሰት ታጎርሰዋለህ፤ እሱ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሆነውን ይነግርሃል። አዲሱ የሲሚንቶ ቦይ የሚዘረጋውም ሞዴሉ ውሃ ይደርሳል እስካለበት ድረስ ብቻ ነበር። እንደ ነቢይ ተኮፍሼ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

የቢሮው የዝናብ መለኪያ የተተከለው ከመስኖው ጫፍ፣ ከአዴ ዘሃራ የፓፓያ ዛፎች መሃል ነበር። በየማለዳው ለክታ በሰማያዊ ደብተር ትጽፋለች፤ አንድ ቀን አላጓደለችም። ቁጥሩን ሳስገባ ፕሮግራሙ ከአሥራ ሁለት ወር በላይ አልቀበልም አለ። አምስት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ጳጉሜንን ዘለልኳት። ሞዴሉ ውሃው አይበቃም አለ፤ እኔም ቦዩን ካርታው ላይ ከአዴ ዘሃራ አጥር ሳይደርስ በቀይ ቆረጥኩት።

ካርታውን ይዤ በዚያ ሙቀት መልካ ጀብዱ ወረድኩ። አዴ ዘሃራ ፓፓያ ቆርጣ፣ ሎሚ ጨምቃበት አቀረበችልኝ። ቀዩን መስመር ሳሳያት በጣቷ ተከተለችው።

«ይሄ በኔ ዝናብ የተሠራ ነው?»

«አዎ፣ አዴ።»

«አቦ፣ እስቲ ጳጉሜንን አሳየኝ።»

ኮምፒውተሩ አሥራ ሦስተኛ ወር እንደሌለው ነገርኳት።

«ሰማዩ አለው እኮ! ወላሂ፣ በዚያ ሰሞን ጎርፍ ይወርዳል፣ የወንዙ አሸዋ ይጠጣዋል። እስከ ጥር ቆፍረን የምናጠጣው እሱን ነው። እናንተ በሩፋኤል ዝናብ ትታጠቡ የለም እንዴ? የተማረ ይግደለኝ ሲሉ እሰማለሁ፤ አንተ የእውነት ልትገድለኝ ነው!»

 እናቴ በየዓመቱ ጳጉሜን ሦስት ራቁቴን ዝናቡ ውስጥ ስታቆመኝ ነው ያደግኩት፤ ከሰው ሁሉ እኔ ጳጉሜንን ልዝለል? በጣም አፈርኩ። ሪፖርቱ ግን ተፈርሟል፤ ዝም ብል ማንም አያውቅም። ይህንንም አስቤአለሁ። በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ «ሩፋኤል ይማርህ፤ አሁን ሂድና ድገመው» አሉኝ።

የጳጉሜንን ዝናብ ከነሐሴ ጋር ደምሬ ስደግመው ቦዩ የአዴ ዘሃራን አጥር አለፈ። ሆኖም ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ከሃያ ዓመት በኋላ የግቢዋ ግማሽ ውሃ እንደማያገኝ አሳየ። ይህንንም ሄጄ ነገርኳት።

«ግማሽ?» አለች። «ባለፈው እኮ ምንም አልነበረኝም። ግማሹን ለልጆቼ አደርሳለሁ።»

ዛሬ ሻጯን ግቢው እንዴት ነው ብያት ነበር። «ታችኛው ደርቋል፤ ላይኛው አለ» አለችኝ። «አያቴ ነፍሷን ይማርና፣ እንደሚደርቅ ነግራን ስለነበር አዲስ ችግኝ ሁሉ ላይኛው ግቢ ነው የተከልነው።»

ሂሳቤ ልክ ወጣ። ደስ አላለኝም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳስቼ በሆነ እያልኩ ስመኝ ኖሬአለሁ።

ማካፋት ጀምሯል። ባርኔጣዬን አውልቄ ግቢዬ መሃል ቆምኩ። የአያቷን የዝናብ መለኪያ ዛሬ ማን እንደሚያነበው ሻጯን ሳልጠይቃት መምጣቴ ትዝ ያለኝ፣ ውሃው በአንገቴ ሲወርድ ነው።