በጎን የተሣለችው ጎረቤቴ

የልጅ ልጄና ሁለት ጓደኞቿ ኮሚክ ይሠራሉ፤ በሥዕል የሚነገር ታሪክ ማለት ነው። እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት እነሱ ከሚሥሏቸው ሰዎች አፍ አጠገብ ንግግራቸው ከሚጻፍባት ክብ ውስጥ ነው። አሳታሚ የላቸውም። በሳምንቱ የየራሳቸውን እንጀራ ሲያሳድዱ ይሰነብቱና ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ ልደታ፣ እኔ ቤት ሳሎን ይሰበሰባሉ። አንደኛው ልጅ እጅ መሣል አልሆንለት ብሎ ሰዎቹን ሁሉ እጃቸውን ኪስ ያስከትታቸዋል። ሌላዋ ጓደኛቸው ሰፈርህ ብርድ ነው ወይ እያለች ታበሽቀዋለች። ጨዋታቸው ደስ ይለኛል።

እኔ ደግሞ መዞር እወዳለሁ። በሰንጋ ተራ አድርጌ ተክለ ሃይማኖት ድረስ በእግሬ ሄጄ፣ ያየሁትን አምጥቼ እነግራቸዋለሁ። የድሮ ሰፈራችን ሲፈርስ የሆነውንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤት ነበረችኝ፤ ሳል ሲይዘኝ ሰምታ ሳልጠራት የምትመጣ። ለሷ ቤት የወጣላት ከከተማው ዳር ነው። የሷን ታሪክ መጽሐፍ እናድርገው አሉና ዓመት ሙሉ ሠሩበት።

ሰኞ ማተሚያ ቤት ሊያስገቡት፣ ቅዳሜ ገጾቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጉልኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። ጎረቤቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጎን ናት፣ ባንድ ዓይን። የማፍረሻውን ወረቀት ይዞ የመጣው ሰውዬ ግን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑ እንደ ጻድቅ ቁልጭ ብሎ።

ደሜ ፈላ። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሣለው። ባንድ ዓይን፣ በጎን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ሰይጣን ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም፤ እኔ በእናቴ ጀርባ ታዝዬ ያወቅኩት ነገር ነው።

"ምን በደለቻችሁ?" አልኳቸው።

ልጁ ሊያስረዳኝ ሞከረ። የዛሬ አንባቢ ይህን አያውቀውም፤ በጎን ስትሣል ሐዘኗ ይጎላል አለኝ።

"ደግሞ እማማ፣ ሰውዬውን ሰይጣን ብናደርገው ማን ያምነናል? እሱም ታዞ የመጣ ሰው ነው" አለኝ ጨምሮ።

ይባስ ተቃጠልኩ። ሰፈሩ የፈረሰ ቀን የነበርኩት እኔ ነኝ እንጂ አንባቢው አይደለም። መጽሐፉ መጀመሪያ የሚሰጠው ለሷ ነው፤ እሷ ደግሞ ፊደል አትለይም፣ የምታነበው ሥዕሉን ነው። ገልጣ ስታየው ራሷን ከኃጥአን ተርታ ልታገኘው ነው። ይህን ይዛችሁ ደጇ ብትደርሱ እዚህ ቤት እንዳትመለሱ አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

የልጅ ልጄ እርሳስ አነሣች።

"እማዬ፣ ያለን ፎቶ አንድ ነው፤ ሠርግ ላይ በጎን የተነሣችው። ሌላውን ፊቷን ስለማላውቀው ነው። ዓይኗ እንዴት ነው? ንገሪኝ።"

አንዱ ዓይኗ ያንሳል አልኳት። የቱ? አለችኝ። ሳሏን አውቀዋለሁ፣ ኮቴዋን አውቀዋለሁ፣ ዓይኗ ጠፋኝ። ንዴቴ ዞሮ ራሴ ላይ ወጣ። ተክለ ሃይማኖት የሚመላለስ እግር እሷ ጋ የሄደው አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም ለለቅሶ።

ልጁ፣ ሥዕሉ ከተነካካ ለሰኞ አይደርስም አለ። የልጅ ልጄ አይድረስ አለችው። የሰውዬውን ዓይኖች ግን አልነካም አለች፤ በዚህ እስከ ዛሬ ተኳርፈናል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና የልጅ ልጄ ሁለት ታክሲ ቀይረን ወደ ጎረቤቴ ሄድን። መንገዱን ሙሉ አላናገርኳትም። ጎረቤቴ በሩን ከፍታ አየችኝ፤ እኔም ዓይኗ ላይ ተተከልኩ።

"ምን ታፈጥጪብኛለሽ? ሞቼ ተነሣሁ እንዴ?" አለችኝ።

የሚያንሰው ግራው ነው። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥናት፤ ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች። የመጣንበትን ስነግራት ከፋት። ስንት ጊዜ ጠፍተሽ፣ ዛሬ ለሥዕል መጣሽ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አገጯን ይዤ መለስኩት።