ነብሩን አየሁት

አማቴ ከሰዓት በኋላ ይተኛሉ እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ስናገር የከረምኩት እኔው ነኝ። ምሳቸውን ይበላሉ፣ ጫማቸውን አልጋው ሥር ያስገባሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ፊት ለፊቱ ክፍል፣ ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ እሷ መጮህ ከጀመረች እንኳን የጓሮ በር ሲከፈት፣ ጣሪያው ተነስቶ ቢሄድም አይሰማኝም።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከዚህ ማዶ፣ ሩቅ በሆነ ጫካ፣ በአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ነው። ሥራቸው ዛፍ መምረጥ ነበር። መጥረቢያ የያዙት ከመምጣታቸው በፊት ቀድመው ገብተው የትኛው እንደሚቆረጥ፣ የትኛው እንደሚተው ይወስናሉ። ቤት የሚመጡት ከስንት አንዴ ስለነበር ልጆቻቸው ያደጉት አባታቸውን እንደ እንግዳ እያዩ ነው። ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ "እንጨት ነው፣ ምኑ ይወራል" ብለው ይዘጉታል። ሚስታቸው ሲሞቱ እኛ ጋ መጡ። እኔን ከሠርጌ ቀን ጀምሮ "ሙሽራ" ነው የሚሉኝ፤ ፀጉሬ ሸብቶም ሙሽራ ነበርኩ።

ኋላ ላይ ነገር ይጠፋባቸው ጀመር። መጀመሪያ የጎረቤት ስም፣ ከዚያ የገዛ ልጃቸው። "ያ የደንብ ልብስ የሚለብሰው ሰውዬ ዛሬም ያድራል?" ይሉኛል፤ ባለቤቴን ነው እንግዲህ። አንድ ቀን ደግሞ እኔን "እሜቴ" ብለው ውሃ ለመኑኝ።

ባለቤቴ የደን ጠባቂ ነው። ጫካው ከጓሯችን ይጀምራል። ታዲያ አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ዛፎቹ ላይ ጭረት አለ" አለኝ። "ሦስት ሦስት መስመር፣ ጎን ለጎን፣ ቅርፊቱን አልፎ የገባ።"

"ልጆች ናቸዋ።"

"ልጅ እዚህ አይደርስም" ብሎ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። "ጥፍር ነው።"

ጭረቱ በየቀኑ ጨመረ፣ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድም ተጠጋ። መሬቱ በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ ስለሆነ ዱካ የሚባል ነገር የለም። ፀጉር የለም፣ እዳሪ የለም፣ ከማንም ቤት የጠፋ ፍየል የለም። "ነብር ነው ካልክ ምን ይበላል ታዲያ፣ አየር?" ብዬ ብጠይቀው ተቆጣኝ። "እና ሰው ነው ልበል? ሰው በጥፍሩ ዛፍ ይቧጥጣል?" አለኝ። መንደሩ መልሱን ቀድሞ አግኝቷል፤ ልጆች በዋናው መንገድ ዞረው መሄድ ጀመሩ፣ እንጨት ለቀማ የሚገባም ጠፋ።

ጫካው ማዶ ብቻዋን ከምትኖር አንዲት እንጨት ለቃሚ በቀር። ወሬ የሚደርሳት ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው። ባለቤቴ መንገድ ላይ አግኝቷት ኖሮ፣ እራት ላይ እየሳቀ ነገረን።

"'እትዬ፣ ጫካው ውስጥ ያየሽው ነገር አለ?' ብላት፣ 'ምንም። ነብሩን አየሁት እንጂ፤ ከምንጩ በላይ ይመላለሳል' አትለኝም? 'አትፈሪውም?' ብላት ደግሞ፣ 'ኧረ እሱ ምን ያደርገኛል፣ ድሮም ጩኸት ብቻ ነው' ብላኝ እንጨቷን ተሸክማ ሄደች።"

አማቴ ከጠረጴዛው ጫፍ ሾርባቸውን ይጠጣሉ። ቀናም አላሉ። እኔ ያየሁት ሱሪያቸው ጉልበት ላይ የደረቀውን የዛፍ ሙጫ ነው። "አባባ፣ አሁንም አጥሩን ተደገፉ አይደል? ይሄ እኮ በሳሙና አይለቅም" ብዬ ነዘነዝኳቸው።

የዓይን ምስክር ከተገኘ ምን ቀረ? መሥሪያ ቤቱ የብረት ወጥመድ ላከ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ዘርግቶ በመጥረጊያዬ እንጨት ነካ ሲያደርገው፣ ብረቱ ግጥም ብሎ እንጨቱን ለሁለት ሰበረው። ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ።

"የሰው እግር ቢገባበትስ?"

"ሰው ሁሉ ተነግሮታል" አለ። "ነብር ወደ ቧጠጠው ዛፍ ይመለሳል። ከምንጩ በላይ ያለው ትልቁ ዛፍ ሥር አኖረዋለሁ።"

በማግስቱ ጠዋት ወስዶ ቀበረው፤ ቅጠል አለበሰው። ራሱ መንገዱ አፍ ላይ ቆሞ ሰው መመለስ ጀመረ።

ምሳ በላን። አማቴ ጫማቸውን አልጋው ሥር አስገቡ። እኔ መኪናዬን ሳስጮህ ቆይቼ ክር ለመቀየር ሳቆም፣ እንጨት ለቃሚዋ የተቀደደ ቀሚስ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"ነብሩ እንዴት ነው፣ ጤናው ደህና ነው?" አለች እየተቀመጠች።

"የምን ጤና፣ ዛሬ ነገ ይያዛል" አልኳት።

"ምን አድርጎ ይያዛል? አሁን እኮ አለፈኝ፣ ያን ባርኔጣውን ደፍቶ።"

ክሩ ከእጄ ወደቀ። "ነብሩ ባርኔጣ አለው?"

ያበድኩ መስሏት አየችኝ። "አማትሽን እኮ ነው የምልሽ። እኔ መሰንጠቂያው ውስጥ ሰጋቱራ ስጠርግ፣ ሠራተኛው ሁሉ 'ነብሩ' ነበር የሚለው። ከኋላው ነው እንጂ ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ። አሁንም ያንኑ የሦስት ጥርስ ብረቱን ይዞ ዛፍ ይጭራል። አንድ ጭረት 'ይቆረጥ' ነው፣ ሦስት ጭረት 'ይቆይ'። ባልሽ የአባቱን ስም አያውቅም እንዴ?"

ወይ ጉዴ። "አየኋቸው" ብትል ምን ነበረበት? ሰው መሆናቸውን እናውቅ ነበር እኮ። ለአለቃ በሐሜት አንቱታ የለም፣ ለነብርም አንቱታ የለም፤ በዚህች ቃል ነው ባለቤቴ በገዛ አባቱ መንገድ ላይ ብረት የቀበረው።

ጓዳ ገባሁ። አልጋው ባዶ፣ ጫማው የለም፣ የጓሮ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። "ባሌን ጥሪልኝ፣ መንገዱ አፍ ላይ ነው" ብያት በባዶ እግሬ በረርኩ።

በየዛፉ ሦስት መስመር። አንዳንዱ አዲስ ነው፣ ሙጫው ገና ይንጠባጠባል። ምንጩ ጋ ስደርስ ትንፋሼ አለቀ። ከላይ፣ ከትልቁ ዛፍ ትንሽ ራቅ ብለው አየኋቸው። ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ እያዩ፣ ዝግ ብለው ይጠጋሉ። መሬቱ ሁሉ ቅጠል ነው፤ ወጥመዱ የቱ ጋ እንዳለ እኔም አላውቅም።

"አባባ፣ ይቁሙ።"

አልዞሩም። አንድ እርምጃ ጨመሩ።

"አባባ፣ እባክዎ።" እሳቸው ሥራ ላይ ናቸው፤ እዚያ ማንም አባባ አይላቸውም፣ የማንም አባት አይደሉም። ብረቱን ከፍ አድርገው እግራቸውን አነሱ።

"አንተ ነብሩ!" ብዬ ጮህኩ።

እግራቸው ተመልሶ እዚያው የነበረበት ላይ አረፈ። ቀስ ብለው ዞሩ። እንዲያ ያለ ዓይን ቤታችን ውስጥ አይቼባቸው አላውቅም።

"ማነው እሱ?" አሉ፤ ጫካው አስተጋባ። "ወደዚህ ና፣ የደፈርከው።"

"እኔ ነኝ፣ ይምጡና ይምቱኝ" አልኩ፣ እያለቀስኩ። መጡ። ከዛፉ ራቁ። አጠገቤ ሲደርሱ ክንዳቸውን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ አልለቅም አልኩ።

ባለቤቴ ሮጦ ደረሰ። ረጅም ቅርንጫፍ ሰብሮ፣ አባቱ ቅድም ቆመውበት ከነበረው ቦታ አንድ እርምጃ ያህል ፊት ያለውን ቅጠል ወጋው። ብረቱ ግጥም አለ። ቅርንጫፉን እንደያዘ ተንበረከከና ፊቱን ሸፍኖ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ።

አማቴ አዩት። ቁጣቸው ወዴት እንደሄደ እንጃ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ።

"አጥፍቻለሁ ብሎ ነው።"

ጠጋ ብለው ከላይ እስከ ታች መረመሩት፤ ዛፉን ሲያዩት እንደነበረው። ብረቱን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በሦስት ጣታቸው ትከሻውን ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት።

"ይቆይ" አሉ። "ይሄ ገና ነው፣ ይቆይ።"

ባለቤቴ የአባቱን እጅ ትከሻው ላይ ይዞ አስቀረው። ምን ማለት እንደሆነ የነገርኩት ማታ ቤት ገብተን ነው።