አዳራሽ ሲበራ ቤት የሚጨልመው ኮምፒውተር

ሂንከ ሆክስትራ ነገሩ ካልገባት እንቅልፍ አይወስዳትም። ልጅ ሳለች የአባቷን የግድግዳ ሰዓት ፈታታ ስትገጥም አንዲት ብሎን ተርፋት ነበር። ሰዓቱ እንደ ድሮው ሠራ፤ ያቺ ብሎን ምን ትሠራ እንደነበር ግን ዛሬም ድረስ ይከነክናታል። ትልቅ ስትሆን የቤተ ክርስቲያን ባለቧንቧ ኦርጋን ቃኚ ሆነችና በአገሯ በፍሪስላንድ መንደሮች እየዞረች፣ አቧራ በጠጡ ቧንቧዎች መካከል ተወሽቃ፣ «የትኛው ነው የሚያላዝነው?» ስትል ኖረች። ጡረታ ወጣች እንጂ ሥራ መፍታት አልሆነላትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በመንደሩ አዳራሽ የተበላሸ ዕቃ በነጻ ይጠገናል፤ የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ የእሷ ሆነ። መንደርተኛው ነገር ፈትፋች ናት ይላታል፤ ዕቃው ሲበላሽበት ግን ወደ እሷው ይሮጣል።

አዳራሹ አንድ ሕግ አለው። ባለቤቱ ዕቃውን ጥሎ አይሄድም፤ አጠገብ ተቀምጦ በገዛ እጁ ይፈታል፣ በገዛ እጁ ይገጥማል። ጠጋኙ ያሳያል እንጂ አይነካም። ሂንከ ይህን ሕግ ለሌላው ስትሰብክ ማን ብሏት! የራሷ እጅ ግን አያርፍም፤ የሽማግሌ ጣት ገመድ ይዞ ሲንቀጠቀጥ ካየች ቀድማ ትሰካዋለች።

አንድ የፀደይ ቅዳሜ፣ ዱወ ተርፕስትራ የሚባሉ የቀድሞ ከብት አርቢ ኮምፒውተራቸውን በብስክሌት ጋሪ ጭነው መጡ። መንደሩ ሁሉ ኦምከ ዱወ ይላቸዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው።

«ይነሳል» አሉ። «ማራገቢያው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል። ስክሪኑ ግን ድርግም ያለ ጨለማ ነው።»

«መጨረሻ ደህና የነበረው መቼ ነው?»

«ከጽዳቱ በፊት።»

የፀደዩን ጽዳት ማለታቸው ነው። ፀሐይ ብቅ ስትል እዚያ አገር ቤቱን ገልብጦ የማያጥብ ሰው የለም፤ ኦምከ ዱወም ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ አንድም ዓመት አላጓደሉም። ኮምፒውተሩን ነቃቅለው፣ ወለሉን ፈትገው፣ ገመዱን ሳይቀር በእርጥብ ጨርቅ ወልውለው መልሰው ሰክተውታል።

«ኦምከ፣ ውሃ አጠጥተውት እንዳይሆን?»

«ላም መሰለሽ እንዴ ውሃ የማጠጣው?»

ሂንከ የኮምፒውተሩን ሳጥን ተቀብላ ከአዳራሹ ስክሪን ጋር አገናኘችው። ቁልፉን ስትጫን ስክሪኑ ቦግ አለ። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ይዘውት ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ ፊታቸው ቀልቶ ተመለሱ። ቤት ሲደርስ ጨለመ። አሁን የራሳቸውንም ስክሪን ከነገመዱ ጭነዋል። ሂንከ ሰካችው፤ በራ። አወጣችው፣ እንደገና ሰካችው፤ አሁንም በራ። እዚህ ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ እዚያ ሁሉም ነገር ድንጋይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይናደድ ነበር፤ ሂንከን ግን ልቧን ደስ ደስ አላት።

«ለምንድን ነው እንዲህ ያስቸኮለዎት?»

«አያገባሽም» አሉ ኦምከ ዱወ። መልሰው ግን ነገሯት። ካናዳ ከሚኖረው ወንድማቸው ከጄለ ጋር በኢንተርኔት ዳማ ይጫወታሉ። የአባታቸው መሬት ሲሸጥ ተኳርፈው፣ ከዚያ ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አንዱ ጠጠር ይገፋል፣ ሌላው ይመልሳል፣ በቃ። ከዳማው ጎን መልእክት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ነው። «ነገ ማታ ተራዬ ያልፋል። ካለፈ ጨዋታው ይዘጋል። ሌላ የሚያገናኘን ነገር የለም።»

«ታዲያ እዚሁ ይጫወቱ!»

«ኢንተርኔት አለው ይሄ አዳራሽ?»

የለውም። «ይደውሉለታ!»

«ቁጥሩን አላውቅም። ባውቀውም አልደውልም።»

«እንግዲያው ቤትዎ እመጣለሁ።»

«ማን ጠራሽ?»

«ማንም» አለች ሂንከ፤ ካፖርቷን ለብሳ ጨርሳለች።

ቤታቸው የሳሙና ሽታ ይሸታል። ሳይጠራ የመጣ እንግዳም እንግዳ ነውና በስኳር የተጋገረ ዳቦ ቆረሱላት፤ አንድ ቁራጭ ብቻ። ሂንከ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ ገመዱ እጇን ልትሰድ ስትል ቆም አለች። አዳራሽ ውስጥ ያለ፣ እዚህ ቤት የሌለ ነገር ምንድን ነው? እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ያዘች።

«እርስዎ ይሰኩት እስቲ። ልክ እንደ ጽዳቱ ቀን።»

ኦምከ ዱወ የስክሪኑን ገመድ ይዘው ከሳጥኑ ጀርባ፣ ከላይ ያለው ቀዳዳ ውስጥ ሻጥ አደረጉት።

«ቆይ! ታች ሌላ ቀዳዳ አለ እኮ። ለምን ላይኛው ላይ?»

«ታች ከሰካሁት ገመዱ ወለሉ ላይ ይጎተታላ! አሁን ነው ያጠብኩት።»

ሁለቱ ቀዳዳዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ በዚህ ሳጥን ላይ ግን ምስል የሚወጣው በታችኛው ብቻ ነው። የሂንከ እጅ ይህን ከመልመዱ የተነሳ እሷን ሳያማክር ታች ይሰካል። አዳራሽ ውስጥ ኮምፒውተሩን ያበራችውም፣ ጥፋቱን የደበቀችውም ራሷ ነበረች። ሕጉን አክብራ አርፋ ብትቀመጥ ኖሮ ገና ጠዋት ይገኝ ነበር። በራሷ በጣም ተናደደች፤ ነገሩ ስለገባት ደግሞ ሳቋ መጣ።

ገመዱ ወደ ታች ወረደ። ስክሪኑ በራ፣ ዳማው ወጣ። ባዶ የነበረው ጎን ላይ ግን ጽሑፍ ነበር። ሂንከ ጽሑፍ መሆኑን አየችና ሳታነበው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለሰው ቀላል ይመስላል፤ ለሂንከ ግን ከባድ ነበር።

ኦምከ ዱወ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ሂንከ፣ መነጽሬ ጠፋብኝ። አንብቢልኝ።»

መነጽሩ አፍንጫቸው ላይ ነው። ሂንከ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«"ዱወ፣ ተራው ያንተ ነው" ይላል። "ብትሸነፍ ግድ የለኝም። ግን አለህ?"»

ሽማግሌው አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«ምን ልጻፍልዎት?»

«መጀመሪያ ልጫወት» አሉና ጠጠራቸውን ገፉ። ዳማ የምታውቀው ሂንከ ጥሩ አገፋፍ መሆኑን አየች። ከዚያ ወንበሩን ለቀቁላት።

«አሁን ጻፊ። ስልክ ቁጥርህን ላክልኝ በይው።»