በስምንት ሰዓት ተኩል ቀፊራ

«ተጠቃሚዎቹ የት አሉ?» አሉኝ የውድድሩ ዳኛ።

ቀፊራ ገበያ መሃል ቆመናል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከኋላዬ ሸራ የለበሰ የዕቃ ክምር፣ ከፊቴ አንድ አውቶብስ ሙሉ ሰው፣ ሁሉም አንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ። መልሱን አውቀው ነበር። አፌ ውስጥ ቀረ።

ከመጀመሪያው ልናገር። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ የወተት ማቀዝቀዣ ሳጥን ነበር። መብራት አይፈልግም። በሁለት የሽቦ ወንፊት መሃል ከሰል ይሞላል፣ ከሰሉ ውሃ ይጠጣል፣ የድሬ ደረቅ ንፋስ ሲያልፍበት ውስጡ ይቀዘቅዛል። በቃ ይኸው ነው። የሠራሁት ቀፊራ የግመል ወተት ለምትሸጥ አንዲት ሴት ነው። ሶማሌ ናት፤ ኤዶ እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት። ጠዋት ያልተሸጠው ወተት ቀትር ላይ ይቆመጥጥባት ነበር። ሳጥኑ ከገባ ወዲህ እስከ ማታው ገበያ ይቆይላታል።

የተማሪዎች የፈጠራ ፌሎሺፕ ማስታወቂያ ሳይ አመለከትኩ። በስልክ ነው የጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ ሳወራ እቸኩላለሁ፣ ደጋግመው «ቀስ በይ እስቲ» አሉኝ። አለፍኩ። የመጨረሻው ውድድር ስብሰባ እዚሁ ድሬ ነው ሲሉኝ እናቴን አቅፌ አዞርኳት። ካሸነፍኩ የመሥሪያ ቦታ አገኛለሁ፣ ሳጥኑንም ለሌሎቹ ወተት ሻጮች ማባዣ ድጋፍ ይሰጡኛል። እኔ ደግሞ ተመርቄያለሁ። ለከርሞ ተማሪ አይደለሁም። ካለፈኝ አለፈኝ።

ፕሮግራሙን ያየሁት ስመዘገብ ነው። ጠዋት ንግግር፣ ቀጥሎ ሌላ ንግግር፣ ከዚያ ምሳ። በማግስቱም እንደዚያው፣ ግን ከምሳ በኋላ የገበያ ጉብኝት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል።

ድሬን የማያውቅ ሰው ነው ያወጣው። እዚህ ዙሁር ተሰግዶ ምሳ ከተበላ በኋላ ከተማው ይዘጋል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል፣ የሚቅም ይቅማል፣ የሚተኛ ይተኛል። አስር ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲበርድ እንደገና ይከፈታል። አስተባባሪው ከአዲስ አበባ የመጣ ትሁት ልጅ ነው፤ ይህን ከየት ይወቅ።

«ገበያ በቀን ይዘጋል እንዴ?» አለኝ እየሳቀ።

እዚህ ይዘጋል አልኩት። ጠዋት አድርጉት፣ ካልሆነም አስር ሰዓት። ጠዋት ባለሥልጣን ይመጣል አለኝ፤ አስር ሰዓት ደግሞ ፋብሪካ ጉብኝት ነው። ፋብሪካውን ቀይሩታ አልኩት። እናያለን አለ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ጠየቅኩት፣ እናያለን። ምሳ ላይ ልጠይቀው ስፈልገው አውቶብሱ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ ነው።

ኤዶን በዚያ ሰዓት ገበያ እንድትገኝልኝ ልለምናት ቀድሜ ሄጄ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ከመልካ ጀብዱ የሚመጣውን ወተት የምትቀበል ሴት ናት።

«ጠዋት እግር የላቸውም?» አለችኝ።

እንግዶች ናቸው፣ ፕሮግራም አላቸው አልኳት። ሳቀች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ ፀሐዩም ፕሮግራም አለው።»

ከዚያ ግዴለም፣ ኢንሻአላህ እሞክራለሁ አለች። ዓይኗ በድካም ቀልቷል። መጨቅጨቁን ተውኩት።

አልነበረችም። ማንም አልነበረም። ሽንኩርቱም ቅመሙም እህሉም ሸራ ለብሶ ተኝቷል። ዘበኛው ጋሪ ሥር ሽርጡን ፊቱ ላይ ጥሎ ተጋድሟል፤ ሲቀሰቅሱት «ዝግ ነው» ብሎ ፊቱን መልሶ ሸፈነ። ሥራ ላይ የነበረው ሳጥኔ ብቻ ነው። ከሰሉ እርጥብ፣ ውስጡ ያላለቀው የኤዶ ወተት። ዳኛው እጃቸውን አስገቡ። ቀዝቃዛ ነው አሉ፣ ጎበዝ አሉ። ከዚያ ዞር ዞር ብለው አዩና ያንን ጥያቄ ጠየቁኝ።

አፌን ስከፍት ከኋላ አንዱ ተሳታፊ፣ «ድሬዎች ቅመው ተኝተዋላ» አለ።

ሁሉም ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ አሉ።

መልሴን ቀማኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከሌላ ከተማ ከመጡት ልጆች ስሰማው የኖርኩት ቀልድ ነው፤ ድሬ ይተኛል፣ ድሬ ይቅማል፣ ድሬ ሥራ አይወድም። አሁን «አዎ፣ ተኝተዋል» ብል ኤዶን ለሳቃቸው አሳልፌ መስጠት መሰለኝ። እኔ፣ ለማንም የማልመለሰው ልጅ፣ ቆሜ ባጄን በጣቴ አዞርኩ። ልደውልላት ስልኬን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ቀስቅሼ ምን ልበላት? ነይና መኖርሽን አሳይልኝ? አስር ሰዓት ድረስ እንጠብቅ ብል ደግሞ ማን ይሰማኛል። አስተባባሪው ሰዓቱን አይቶ ፋብሪካው እየጠበቀን ነው አለ፤ እየተጋፋን ወደ አውቶብሱ ገባን።

በመጨረሻው ቀን አሸናፊዎቹን ጠሩ። እኔ የለሁበትም። ሰርተፍኬትና ቲሸርት ሰጡኝ፤ ቲሸርቱ ሁለት እኔን ይይዛል። ፎቶ ተነሱ፣ እኔም ተነሳሁ።

እራት ላይ ዳኛው ሳህናቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ የባሰው እሱ ነው። ሐሳቤን እንደወደዱት፣ ሥራዬም ንጹሕ እንደሆነ ነገሩኝ።

«ግን የኔ ልጅ፣ የሚፈልገው ሰው አላየሁም። ለሌላ ጊዜ መጀመሪያ ሰዎቹን ፈልጊ።»

ሌላ ጊዜ የለኝም። ውጤቱም ተነቧል፣ አሁን የምለው ምንም አይለውጥም። ነገ ጠዋት ኤዶ እንዴት ሆነ ትለኛለች፣ ለእሷ የምነግራትም የለኝም። የሚስቅ ካለ ይሳቅ ብዬ ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«ተኝተው ነበር፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ጎህ ሳይቀድ ተነስተው እስከ ቀትር ሲሠሩ ነበር። እናንተ የመጣችሁት በእንቅልፋቸው ሰዓት ነው።»