ሰባት ሺህ ያለኝ ሰው

የሒሳብ ሠራተኛዬ ለዓመቱ ሒሳብ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ስትጠይቀኝ ደነገጥሁ እንጂ አልተናደድሁም። የተናደድሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። የማርያም ማኅበር ላይ ተቀምጠን የተጠየቅሁትን ስነግረው አጠገቤ ያለው ሰው ጠላውን ጎንጨት አለና፣ "እኔን እኮ ሰባት ሺህ ነው ያስከፈለችኝ" አለኝ።

ይህ ሰው ማን እንደሆነ ልናገር። ድንጋይ መጥረብ የተማርነው በአንድ ዓመት፣ እዚሁ ላሊበላ፣ ከአንድ ባለሙያ እጅ ነው። ሁለታችንም የቀን ሠራተኞች ነበርን፤ መዶሻ አንሶን በአንድ መዶሻ ተራ በተራ ሠርተን እናውቃለን። በኋላ ሁለታችንም የሥራ ተቋራጭ ፈቃድ አወጣን። ከዚያ ወዲያ እሱ ወደ ላይ፣ እኔ ባለሁበት። እሱ የሲሚንቶ ማቡኪያ ማሽን ገዛ፤ እኔ እስከ ዛሬ በአካፋ አስቦካለሁ። እሱ ነጭ ፒክአፕ አለው፤ እኔ ባጃጅ እለምናለሁ። ሚስቱ ደረሰኙን በየቀኑ እየለየች ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጥለታለች፤ የእኔ ደረሰኝ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ ይከርማል። ሲስቅ እንኳን እቀናበታለሁ፤ ከሆዱ ነው የሚስቅ። ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ይጸልያል አይደል? የእሱን ጸሎት እግዜር ሰምቶ እኔን ሰጥቶታል።

በአንድ ነገር ብቻ እበልጠዋለሁ፤ ዋጋ በማስቀነስ። እሱ ሚስማር ገዝቶ ሲመጣ እኔ ያንኑ ሚስማር በርካሽ ይዤ እመጣለሁ። ቆርቆሮም፣ በርም፣ በግም እንደዚያው ነው። "በስንት የገዛሁት ይመስልሃል?" እለዋለሁ፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ የኖርሁት በዚያች ራስ መነቅነቅ ነው። እንግዲህ ሰባት ሺህ ሲለኝ የነካው ኪሴን ብቻ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ደግሞ ጨረታ ወጣ። ከብልባላ አለፍ ብሎ በተወለድሁበት መንደር ሁለት የመማሪያ ክፍሎች ሊሠሩ ነው። እናቴ ዛሬም እዚያው ናት። በሰው አገር የገነባሁትን ሆቴልና አጥር አንዱንም አላየችውም፤ መኪና ያዞራታል። በሄድሁ ቁጥር "ልጄ የሠራውን ሳላይ እንዳልሞት" ትለኛለች። ይህን ሥራ ፈለግሁት፤ በሕይወቴ አንድም ሥራ እንደዚህ ፈልጌ አላውቅም። ለመወዳደር ግን የግብር ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ለክሊራንሱ ደግሞ የዓመቱ ሒሳብ ተሠርቶ መግባት አለበት። ሒሳቤ ያለው ያችው አሥራ ሁለት ሺህ የጠየቀችኝ ጋ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ የጋሸና ልጅ ናት፣ ሙስሊም፣ ሠላሳም አይሞላት። መናኸሪያው አጠገብ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ ትሠራለች፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሯን ዘግታ በእጅ ትጽፋለች። ገብቼ ሳልቀመጥ ጀመርሁ።

"አምና ስድስት ሺህ አልነበረም? ዘንድሮ ምን ተገኘ?"

"ይቀመጡ እንጂ ጋሼ። ዘንድሮ ያደከመኝ የድንጋዩና የአሸዋው ሒሳብ ነው።"

ድንጋይና አሸዋ የማመጣው ከብልባላ ገበሬዎች ነው። ደረሰኝ የላቸውም፤ ስለዚህ የእያንዳንዱ ሻጭ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና ፊርማ ያለበት ቫውቸር መሠራት አለበት። እኔ ደግሞ ገበሬዎቹን የማውቃቸው ከቤተ ክርስቲያን ነው። ገንዘባቸውን የምሰጣቸውም ከቅዳሴ በኋላ፣ ደጀ ሰላሙ ላይ ነው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ የጻፍኋቸው ቄሱ በሚጠሯቸው በክርስትና ስማቸው ነበር። አሥራ ስድስት ገበሬዎች በአምስት ስም! እኔ ማን ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ መታወቂያቸው ላይ ያለውን ስም ግን የአንዳቸውንም አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅ።

"እኔ እስላም ነኝ ጋሼ፤ የክርስትና ስም ከየት አውቄ?" አለች። "አንዱን ስም አራት ጊዜ ሳገኘው አንድ ሰው መስሎኝ ደምሬው ነበር። ኋላ ነው ገበሬዎቹ ራሳቸው የነገሩኝ። ወላሂ፣ በዚያ ጭቃ ሦስት ቀን ብልባላ ተመላልሻለሁ። አንዱን እርሻ ላይ፣ አንዱን ገበያ፣ አንዱን ለቅሶ ቤት ነው ያገኘሁት።"

ይህን ሁሉ ጆሮዬ ሰማ፤ እኔ ግን አልሰማሁም። በልቤ ያለው ሰባት ሺህ ብቻ ነበር።

"ባለ ፒክአፑም ከነዚያው ገበሬዎች ነው የሚገዛ። እሱን ስንት አስከፈልሽው?"

"የሌላ ደንበኛ ሒሳብ አልናገርም።"

አለመናገሯን እንደ ማመን ቆጠርሁባት። "ለባለ ፒክአፑ ሰባት፣ ባጃጅ ለሚለምነው አሥራ ሁለት!" አልሁ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ከደጅ የቆሙ ሰዎች ዞር አሉ። ከዚያ የባሰ አልሁ። "ሂጂና ዙሪ ብዬ አላዘዝሁሽም። የእግርሽን ድካም እኔ ላይ አትጫኚብኝ።"

ፊቷ ቀላ። ጥቂት አሰበችና፣ "እሺ ጋሼ፣ አሥር ያድርጉት። ከዚያ ግን አልወርድም" አለች።

እዚያ ላይ እሺ ብል ኖሮ! ሌላ ጊዜ ሁለት ሺህ አስቀንሼ ብወጣ ከተማውን ዞሬ አወራው ነበር። ግን አሥር ከሰባት ይበልጣል። እኔ የምከራከረው ከእሷ ጋር አልነበረማ፤ በፒክአፕ ከሚሄደው ጋር ነበር። ከረጢቴን ከጥግ አንስቼ ወጣሁ።

ጋሸና ላይ አንድ ሒሳብ የሚሠራ ሰውዬ አለ ሲሉኝ በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ሰውዬው የከባድ መኪና ሾፌሮች በሚበሉበት ምግብ ቤት ጥግ ላይ ነው የሚሠራ። አራት ሺህ አለኝ። አልተከራከርሁትም፤ ጥብሱን ግን እኔ ጋበዝሁት። ደብተሬን እንዳለ ገለበጠው፤ አሥራ ስድስቱንም ሰዎች በአምስቱ ስም፣ ቁጥሩን ባዶ ትቶ። "አውቀውልህ ያልፉታል" አለኝ። ማታ ላሊበላ ስገባ መጀመሪያ የሄድሁት ቤቴ አይደለም፤ ባልንጀራዬ ቤት ነው። ከበር ላይ ቆሜ "አራት ሺህ!" አልሁት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ ቀጥሎም እንደ ድሮው ራሱን ነቀነቀ። "ጎበዝ ነህ" አለ። ያን ሌሊት እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ግብር ቢሮው ወረቀቴን በሳምንቱ መለሰው። ባለሙያው ወጣት ልጅ ነው፤ በትሕትና ነው የጠየቀኝ። "አባባ፣ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? በዚህ ስም መታወቂያ ያለው ሰው የለም። የአንዳቸውም ቁጥርና ፊርማ የለበትም።" ገበሬዎቹን በስም ለይቼ፣ ቁጥራቸውን ጽፌ፣ አስፈርሜ እንድመለስ ነገረኝ። ጨረታው ሊዘጋ አምስት ቀን ቀርቶታል።

መፍትሔው ከእኔ ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዬ የክርስትና ስሙን ከመታወቂያ ስሙ አዛምዳ፣ ቁጥሩን ጽፋ፣ አስፈርማ የያዘችው ዝርዝር ጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ አለ። አሥር ሺህ ከፍዬ ይቅርታ ብላት በአንድ ቀን ትጨርስልኝ ነበር። ሁለቴ እስከ በሯ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጊዜ ነጩ ፒክአፕ በሯ ላይ ቆሞ አየሁት፤ በመስኮቱ የሳቁ ድምፅ መጣ። እኔ ስንት እንደምከፍል እሱ ፊት ልትናገረው ነው? ተመለስሁ። ብልባላ ወርጄ ራሴ ላስፈርም ሞከርሁ፤ የመከር ሰሞን ነው፣ በአራት ቀን ያገኘሁት ሰባት ገበሬ ብቻ። እሷ አሥራ ስድስቱን በሦስት ቀን እንዴት እንዳገኘቻቸው ያኔ አሰብሁ። ጨረታው ተዘጋ። ሥራውን ያገኘው ማን እንደሆነ መንገር አያስፈልገኝም።

በሚቀጥለው ማርያም ማኅበር ሄድሁ። በእኛ ማኅበር ቂም ይዞ ጽዋ መቅመስ አይቻልም፤ የተጣላ ሰው ይናገራል፣ ታርቆ ይጠጣል። ጽዋው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ተቀበልሁና ሳልቀምስ ወደ ቀጣዩ ሰው ዘረጋሁት። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ምነው ልጄ?" አሉ የማኅበሩ አባት። "ከማን ተጣላህ?"

"ከሒሳብ ሠራተኛዬ ነው አባ።"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "እሷ እዚህ የለችም። በዚህ ቤት ካለ ሰው ጋር ካልሆነ ጠጣ፤ እሷን ነገ ሄደህ ታረቃት።"

እጄ ላይ ያለው ጽዋ ከበደኝ። ቀጥሎ የተቀመጠው፣ ጽዋውን የዘረጋሁለት ሰው እሱ ነው። ውሸት መናገር ፈለግሁ፤ ጽዋ ይዤ አልቻልሁም።

"ከእሱ ጋር ነው" አልሁ። "ምንም አላደረገኝም። ቀንቼበት ነው። ሰባት ሺህ ከፍሎ እኔ አሥራ ሁለት ስለተጠየቅሁ ነው፤ የእናቴን አገር ሥራም ስለወሰደ።" እንደዚህ በሰው ፊት ስናገረው እንዴት ትንሽ ነገር ነው! አንገቴን ደፋሁ።

እሱም እንደ እኔው ምንጣፉን እያየ ተናገረ።

"አሥራ አራት ነው የከፈልሁት።"

"ምን?"

"አሥራ አራት ሺህ። ሰባት ያልሁህ ዋሽቼ ነው። ሃያ ዓመት የገዛሁትን ሁሉ አንተ በርካሽ ገዝተህ መጥተህ ስትነግረኝ... ማሽኑንም መኪናውንም ሚስቴ ፊት 'ተሞኘህ' ብለኸኛል። አንድ ቀን እኔም በርካሽ የገዛሁ ልምሰል ብዬ ነው። በዚህ የተነሣ ጨረታው ይቀርብሃል ብዬ ግን አላሰብሁም፤ ማርያምን!"

እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አይደለም። አሥራ አራት! ከእኔ በሁለት ሺህ ይበልጣል! ለአንዲት ቅጽበት ልቤ ዘለለ። ወዲያው ግን ትምህርት ቤቱ ትዝ አለኝ። የማኅበሩ አባት ሁለታችንንም ይቅር አባብለው አሳለሙን፤ ጽዋውን ቀመስን፤ ጠላው ጎመዘዘኝ።

በማግስቱ ለሒሳብ ሠራተኛዋ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይዤ ሄድሁ። "አሥር ብዬዎት ነበር እኮ ጋሼ" አለች። "አሥራ ሁለት ነው" አልኋት። በዕድሜዬ ዋጋ ወደ ላይ የተከራከርሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ስለ እግሯ የተናገርሁትንም አንስቼ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ዝርዝሩን ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችኝ፣ ንጹሕ በሆነ የእጅ ጽሑፍ፣ በአንድ በኩል የክርስትና ስም፣ በሌላ በኩል የመታወቂያ ስም።

ባልንጀራዬ የትምህርት ቤቱን ማዕዘን እንድጠርብለት ለመነኝና እሺ አልሁ። ማዕዘን ላይ እጄ ከእሱ እጅ ይሻላል፤ ይህን እሱም ያውቃል። እናም አሁን በተወለድሁበት መንደር፣ በእሱ ሥራ ላይ፣ በቀን ሒሳብ ድንጋይ እጠርባለሁ። መግቢያው ላይ ታፔላ ተተክሏል፤ የሥራ ተቋራጩ ስም በትልቁ ተጽፏል። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ እንዳላየው ወደ ገደሉ እመለከታለሁ።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ዱላዋን ይዛ መጣች። ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችው፣ ማዕዘኑ ላይ ጣቷን አሳለፈች። ከዚያ ታፔላው ሥር ቆመች። ማንበብ አትችልም።

"ይህ የተጻፈው ያንተ ስም ነው አይደል?" አለች።

እሱ ከኋላዬ፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። መስማቱን አውቃለሁ።

"አዎ" አልኋት። "የኔ ነው።"

ማሽኑን አጥፍቶ ወደ እኛ መጣ። የእናቴን እጅ ያዘና፣ "አዎ እናቴ፣ የእሱ ስም ነው። እኛም እሱ ቀጥሮን ነው የምንሠራ" አላት። እሷ መሬቱን ስማ እልል አለች።

በዚህም ቀናሁበት።